የሐረር በሮችና የዘይላ መንገድ

ጀጎል የተባለው የሐረር ግንብ በ16ኛው ምእት ዓመት በአሚር ኑር ዘመን ከታነጸ ወዲህ፣ ከዘይላ ወደብ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ከበር በቀር ሌላ መግቢያ አልነበረውም። ስለዚህ የዘይላ መንገድ በካርታ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ሆኖ ቢታይም፣ ሕጉ የሚጀምረው ከበሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ከተማዋን ያየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንደ መዘገበው፣ በሮቹ ሌሊት ይዘጋሉ፤ ቁልፎቹም ለአሚሩ ይቀርባሉ። ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የቡና አያያዝ ሙያ እንዳይጠፋ በማለት ነዋሪው ከአገር እንዳይወጣ መከልከሉ ነው። ቡናው በመንገዱ ይሄዳል፤ ተካዩ ግን አይሄድም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ድንጋጌ የትኛውም ካርታ አያሳይም፤ መምህሩ ካርታውንና ደንቡን ጎን ለጎን ካላስቀመጠ ተማሪው መንገዱ ለሁሉም ክፍት የነበረ ይመስለዋል።

የበሮቹ ስምም ራሱ ማስረጃ ነው። የምዕራቡ ሸዋ በር፣ የምሥራቁ ኤረር በር ይባላሉ፤ በሐረሪ ቋንቋ ግን አስማዲን በሪና አርጎብ በሪ ናቸው። በመማሪያ ካርታ ላይ ሁለቱም ስሞች ቢጻፉ ይበጃል።

ከግብፆች ይዞታ (1875–1885) እና በጥር 1887 ከተደረገው የጨለንቆ ጦርነት በኋላም በሮቹ አልተነቀሉም። መንገዱን ያዞረው የምድር ባቡሩ ነው። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራማ አገር መውጣት ስለ ከበደው፣ በ1902 ከከተማዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከቆላው ደረሰ፤ በዚያም ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ ንግዱም ወደዚያው አዘነበለ። ለሐረር የቀረላት፣ በኋላ ለመኪና ማለፊያ የተከፈተው ስድስተኛው በርና ከዚያ ወደ ፈረስ መጋላ የሚዘልቀው ሰፊ መንገድ ነው።