ዓይን የሚገራበት ቤት

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ አዛውንት ዘመዴ የጎረቤታቸው ልጅ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግባቱን ሰምተው፣ «ሥዕልን ደግሞ ትምህርት ቤት ገብተው ይማሩታል እንዴ? የሰጠው ይሥላል፤ ያልሰጠውን ማን ያስተምረዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። በጊዜው የረባ መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ሰነበተ። የዛሬው ጽሑፌ ለእሳቸው የዘገየ መልስ ነው፤ ሳስበው ደግሞ ለራሴም ነው።

በአገራችን ሥዕል ያለ መምህር የተማሩት ጥበብ ሆኖ አያውቅም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሚሆን ወጣት መምህሩን ተጠግቶ፣ ቀለም እየፈጨና ሙጫ እያፈላ፣ ታዝዞና አገልግሎ ነው እጁን የሚያፍታታው። ጻድቁ በሁለት ዓይኖቹ ፊት ለፊት እንደሚያይ፣ ኃጥኡ ግን በአንድ ዓይን፣ በጎን ብቻ እንደሚታይ ይማራል። ማርያም ምን ዓይነት ልብስ እንደምትለብስ፣ ጊዮርጊስ በምን መልክ ፈረስ እንደሚቀመጥ ከአባቶች ተቀብሎ ያስተላልፋል። የዚህ ትምህርት ትልቁ ሕግ ታማኝነት ነው። ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን ያህል ከሠራ ተመረቀ ማለት ነው፤ ስሙን ከሥዕሉ ግርጌ ባይጽፍም ቅር አይለውም።

አዲሱ ትምህርት ቤት የተወለደው ከዚሁ ከአሮጌው ቤት ማኅፀን ነው። መሥራቹ አለ ፈለገ ሰላም ኅሩይ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተሰብ የተገኙ ሰው ነበሩ። አሜሪካ ተሻግረው በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተማሩ፤ ሲመለሱም በእጃቸው ያለውን ሞያ ለብቻቸው ይዘው መቀመጥ አልሆነላቸውም። ጥቂት ወጣቶችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ፤ ያ ጅምር አድጎ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሆኖ ተከፈተ። ዛሬ ቤቱ በእሳቸው ስም ይጠራል። እሳቸውም ረጅም ዕድሜ ኖረው፣ የተማሪዎቻቸውን ተማሪዎች አይተው፣ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. አረፉ።

በዚህ ቤት ትምህርት የሚጀምረው ከትሕትና ነው። በየመንደሩ «ሠዓሊው» እየተባለ የተሞካሸው ልጅ፣ የጓደኞቹን መልክ በደብተር ጀርባ ሲሥል የኖረው ልጅ፣ ገና ሲገባ ከአንድ ማሰሮ ፊት ይቀመጣል። ማሰሮውን ይሥላል። መምህሩ ከኋላው መጥቶ ጥቂት ቆሞ፣ «ይህ የምታውቀው ማሰሮ ነው፤ የምታየውን ሣል» ቢለው አይገርምም። ልጁ መጀመሪያ ቃሉ አይገባውም። ከሳምንታት በኋላ ግን ማሰሮው ጥቁር ብቻ እንዳልሆነ፣ በሆዱ ላይ የመስኮቱ ብርሃን እንዳረፈ፣ ጥላው ራሱ ቀለም እንዳለው ማየት ይጀምራል። ከዚያ በጀሶ የተሠራ የሰው ጭንቅላት ይመጣል፤ ከዚያ ሕያው ሰው። ከእርሳስ ወደ ከሰል፣ ከከሰል ወደ ቀለም ይሸጋገራል። የአኳራጅ ሽታ ልብሱ ውስጥ ገብቶ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። ከውጭ የሚመጣው የዘይት ቀለም ውድ ነውና አንዱን ቱቦ ለጓደኛ ማካፈል፣ በአንዱ ሸራ ላይ ደጋግሞ መሣል የተማሪነት ወግ ነው። ከግቢ ውጭም ትምህርት አያልቅም፤ ንድፍ መያዣውን በብብቱ ሸጉጦ ገበያና አውቶቡስ ተራ የሚውል፣ ተሸካሚው ሲያርፍ ትከሻው እንዴት እንደሚወድቅ የሚያጠና እርሱ ነው።

እስካሁን ያልኩት በየትኛውም አገር የሥዕል ትምህርት ቤት ያለ ነው። የእኛን ልዩ ያደረገው፣ እኔ እንደማምነው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የተሰበሰቡት መምህራን አለመስማማታቸው ነው።

አለ ፈለገ ሰላም የሚያምኑት የሚታየውን ዓለም አጥርቶ በመሣል ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. የመጣው ጀርመናዊው ሀንሰን ባሂያ ደግሞ እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በቆየባቸው ዓመታት እንጨት ቀርጾ ማተምን አስተማረ፤ በዚህ ጥበብ ጥቁርና ነጭ ብቻ ይነጋገራሉ፤ የተቀረጸ ስሕተትም አይታረምም። በጀርመን በኮሎኝ ከተማ ተምሮ በ1962 እ.ኤ.አ. የተመለሰው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ግን ሌላ ነገር ይዞ ገባ። እርሱም የካህን ልጅ ነው፤ አባቱ አለቃ ደስታ በሐረር የብራና መጻሕፍትን በሐረግና በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጃቸው ያመጣው ሥዕል ግን ሰውም፣ ዛፍም፣ ተራራም የማይታይበት፣ ቀለምና ቅርጽ ብቻቸውን የቆሙበት ነበር። ተመልካቹ ግራ ተጋባ፤ «ይህ ምንድን ነው?» አለ። በ1965 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ሲሰጠው እንኳ ጥያቄው አልበረደም። ለእኛ ለግጥም ወዳጆች ግን ሰውየው እንግዳ አይደለም፤ «ሀገሬ» የተሰኘውን ግጥም የጻፈው እርሱ ነውና። በአንድ እጁ ተጨባጩን ነገር ከሸራው ላይ እየደመሰሰ፣ በሌላው ስለ አገሩ ማርና ወተት በቃላት ይሥል ነበር። እንዲህ ያለ መምህር ፊት የተቀመጠ ተማሪ ሥዕልና ግጥም የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን በንግግር ሊነገረው አያስፈልግም፤ ቆሞ ያየዋልና።

በ1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመለሰ። ለንደንና ፓሪስ የተማረ፣ ሥራው በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የገባለት ወጣት ነበር። ያስተማረው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። እስክንድር አውሮፓን አይቶ የመጣ ቢሆንም ተማሪዎቹን የመለሳቸው ወደ ቤታቸው ነው፤ ወደ ጠልሰሙ፣ ወደ ክታቡ፣ ወደ ብራናው። አያቶቻችን ለፈውስ በአንገታቸው ያሠሩት ክታብ ውስጥ ዘመናዊ ሠዓሊ የሚፈልገው ሁሉ እንዳለ አሳየ። ዘሪሁን የትምጌታን የመሰሉ ተማሪዎች በኋላ በቀርከሃ ላይ ሲሥሉ የምናየው ያ በር ስለ ተከፈተላቸው ጭምር ነው።

አምስተኛውን መምህር ብዙ ሰው አያነሳቸውም፤ እኔ ግን ለፊደል ካለኝ ፍቅር የተነሣ ላልፋቸው አልችልም። ይገዙ ብሥራት የቁም ጽሕፈት ያስተምሩ ነበር። «ሀ»ን አጣጥፎ መጻፍ፣ የ«ጠ»ን እግር ማስተካከል ለሠዓሊ ምን ይረባዋል ያለ ተማሪ አይጠፋም ይሆናል። ነገር ግን ከዚያ ግቢ በ1972 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ የአማርኛን ፊደል ራሱን የሥዕሉ ዓለም አደረገው። በእርሱ ሸራ ላይ «ለ» ይጨፍራል፣ «መ» ይቀመጣል፣ «ሸ» ይበራል፤ የሚነበብ ቃል ግን የለም። ፊደላችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከማንበብ ግዴታ ነፃ ወጥቶ በመልኩ ብቻ ተወደደ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

አሁን ነገሩን ከተማሪው ወንበር ሆነን እናስበው። ጠዋት አንዱ መምህር «የምታየውን ሣል» ይለዋል፤ ከሰዓት በኋላ ሌላው «የማይታየውን ሣል» ይለዋል፤ ሦስተኛው «አያቶችህ የሣሉትን ተመልከት» ይለዋል። ለማን ይታዘዝ? ደቀ መዝሙር ለአንድ መምህር ይታመናል። ይህ ልጅ ግን ለሦስት መታመን አይችልምና መምረጥ ግድ ሆነበት፤ የመረጠ ቀን ስሙን ከሥዕሉ ግርጌ የመጻፍ መብት አገኘ። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ከቀለምና ከብሩሽ አልፎ የሰጠው ነገር ይህ ይመስለኛል፦ በሚጣሉ እውነቶች መካከል ቆሞ የራስን ዓይን ማግኘት።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» የሚለው ቃል በየቤቱ ነበር፤ ዛሬም አለ። ሐኪምና መሐንዲስ ይሆናል የተባለ ልጅ ቀለም ተለቅልቆ ሲመጣ የወላጅ ልብ ይሰበራል። ለሴት ልጅ ደግሞ መንገዱ ይበልጥ ጠባብ ነበር፤ ደስታ ሐጎስን የመሰሉ ጥቂቶች ናቸው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያንን ደጃፍ ተሻግረው ሥራቸውን በአደባባይ ለብቻቸው እስከ ማሳየት የደረሱት።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ አለመስማማቱ ራሱ አደገኛ ሆነ። ዘመኑ አንድ ድምፅ ፈለገ። በየአደባባዩ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል ሲሰቀል፣ ብሩሽ የያዘ ሁሉ ለመፈክርና ለፖስተር ተፈለገ። ገብረ ክርስቶስ አገሩን ጥሎ ወጣ፤ በኬንያና በጀርመን በኩል አልፎ አሜሪካ ደረሰ፤ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በ1981 እ.ኤ.አ. በኦክላሆማ ግዛት በላውተን ከተማ ሞተ። «ሀገሬ»ን የጻፈ ሰው ከአገሩ አፈር ውጭ ማረፉን ሳስብ እስካሁን ልቤ ይከብዳል። እስክንድር አስቀድሞ ወደ አሜሪካ ሄዶ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር፤ ወሰኔም እዚያው ተከትሎት ተማረ። በአዲስ አበባ የተቋረጠው ትምህርት በባዕድ ከተማ ቀጠለ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ያን ዘመን በጨለማ ብቻ መሣል የምንታየውን ሣል የሚለውን የመጀመሪያ ትምህርት መዘንጋት ይሆናል። በዚያ ዘመን ወደ ሶቭየት ኅብረት ለትምህርት የተላኩ ወጣቶች ብርቱ የንድፍ ክህሎት ይዘው ተመለሱ። ከእነርሱ አንዱ ታደሰ መስፍን ነው። ወልድያ ተወልዶ፣ በአዲስ አበባ ከገብረ ክርስቶስ ተምሮ፣ በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ በያኔዋ ሌኒንግራድ ሞያውን አጥንቶ፣ ተመልሶ ለአሥርት ዓመታት በዚያው ግቢ አስተማረ። ቆመው የሚሸጡ የገበያ ሴቶችን እንደ ቤተ መቅደስ ዓምድ አግዝፎ ይሥላል። በእነዚያ ሴቶች ውስጥ የሩሲያን ንድፍ የሚፈልግ ያገኘዋል፤ የገብረ ክርስቶስን ነፃ ቀለም የሚፈልግም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቅዱስ አቋቋም የሚፈልግም ያገኘዋል። የተጣሉት መምህራን በአንድ ሸራ ላይ ታረቁ።

ትምህርት ቤቱ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጀርመን የቆዩት የገብረ ክርስቶስ ሥዕሎች ወደ አገራቸው ገብተው በስሙ የተሰየመው ሙዚየም በስድስት ኪሎ ተከፈተ፤ ሰውየው ባይመለስም ሥራው ተመለሰ። በ2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን አዳራሽ ስትከፍት፣ እንዲወክላት የተመረጠው ሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ ነበር። የማን ተማሪ ነው? የታደሰ መስፍን። ታደሰስ? የገብረ ክርስቶስ። እነሆ ሰንሰለቱ፤ አብዮትም ስደትም ሞትም አልበጠሱትም።

ለአዛውንቱ ዘመዴ ዛሬ ብመልስላቸው፣ «ልክ ነዎት አባባ፣ ስጦታን ማንም አያስተምርም፤ ስጦታን የሚሞግት ግን መምህር ነው» እላቸው ነበር። ይህን የምጽፈው በጥቂት ቅናት ነው። ቀን ባንክ ውስጥ ቁጥር ስጽፍ ውዬ ማታ ግጥም ለምሞክር ለእኔና ለመሰሎቼ፣ ከኋላችን መጥቶ ቆሞ «ይህ የምታውቀው ቃል ነው፤ የምታየውን ጻፍ» የሚለን የለም። አባቶቻችን ቅኔ ቤት ነበራቸው፤ ተማሪው በየቀኑ ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ያፍራል፣ ነገም ቆጥሮ ይመጣል። የእኛ ዘመን ገጣሚ ግን የሚያጨበጭብለት እንጂ የሚያርመው አያጣም ለማለት ያስቸግራል። ሠዓልያኑ የቀደሙን በስጦታ አይመስለኝም፤ በዚያ ግቢ ነው።

ለመሰናበቻ፣ መምህር ለነበሩ ሁሉ ይህችን ትንሽ ስንኝ ትቼ ልሂድ፦

እጄን ሳይሆን ለካ ዓይኔን ነው የገራ፣
በባዶ ሸራ ላይ ጥያቄ የዘራ፤
እርሱ ቢሰደድም ቢርቅም ከስፍራ፣
ዘሩ በቅሎ አየሁት በልጅ ልጁ ሸራ።

ቸር ያሰንብተን።