የሠራተኛውን መደብ ድምፅ ለማግኘት የሚደረግ ፉክክር፤ የአሽፊልድ ምርጫ ክልል ተሞክሮ

ሕዝበኛ (ፖፑሊስት) የሚባለው የፖለቲካ አቀራረብ ኅብረተሰቡን «ተራው ሕዝብ» እና «ልሂቃን» በሚል ለሁለት የሚከፍልና ፓርቲውን የመጀመሪያው ወገን ብቸኛ ጠበቃ አድርጎ የሚያቀርብ ነው። ፓርቲዎች በዚህ አቀራረብ የሠራተኛውን ድምፅ ለመውሰድ የሚያደርጉት ፉክክር ጎልቶ ከታየባቸው አካባቢዎች አንዱ በእንግሊዝ ኖቲንግሃምሻየር አውራጃ የሚገኘው የአሽፊልድ ምርጫ ክልል ነው።

የከሰል ድንጋይ ማዕድን ሠራተኞች መኖሪያ የነበረው ይህ ክልል እ.ኤ.አ. በ1955 ከተቋቋመ ወዲህ፣ ወግ አጥባቂዎች በ1977 በተካሄደ የማሟያ ምርጫ አሸንፈው ለሁለት ዓመት ከመያዛቸው በስተቀር፣ እስከ 2019 በሌበር ፓርቲ እጅ ቆይቷል። ሠራተኛውን ከፓርቲው ጋር ያስተሳሰረው ከፕሮግራሙ ይልቅ የሠራተኛ ማኅበሩ ነበር ማለት ይቻላል። ይሁንና በ1984 እና 1985 በተካሄደው የማዕድን ሠራተኞች አድማ አብዛኞቹ የኖቲንግሃምሻየር ሠራተኞች ሥራቸውን በመቀጠላቸው ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። ማዕድን ማውጫዎቹም አንድ በአንድ ተዘግተው የአውራጃው የመጨረሻ ማውጫ በ2015 ሥራውን አቆመ። ማኅበሩ ሲዳከም ድምፁ ባለቤት አልባ ሆነ።

በ2016 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከአሽፊልድ መራጮች ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት እንድትወጣ ድምፅ የሰጡ ሲሆን፣ ሌበር በአንጻሩ በኅብረቱ ውስጥ የመቆየትን አቋም ደግፎ ነበር። ወግ አጥባቂዎች በ2019 ከኅብረቱ መውጣትን እንደሚያጠናቅቁ፣ ፍልሰትን እንደሚቀንሱና ወደ ኋላ የቀሩ አካባቢዎችን እንደሚያለሙ ቃል በመግባት ክልሉን አሸነፉ። ሌበር ሦስተኛ ወጣ። ያሸነፉት የቀድሞ የማዕድን ሠራተኛና የሌበር የአካባቢ ምክር ቤት አባል የነበሩት ሚስተር ሊ አንደርሰን ናቸው።

ቃሉ ግን በተግባር ሲፈተን ሌላ ሆነ። ወደ ብሪታንያ የገባው የተጣራ የፍልሰተኞች ቁጥር እስከ ሰኔ 2023 በነበረው አንድ ዓመት ከ900 ሺህ በላይ ደርሷል። ሚስተር አንደርሰንም በመጋቢት 2024 ወደ ሪፎርም ፓርቲ ተዛውረው በዚያው ዓመት ምርጫ መቀመጫቸውን አስጠብቀዋል።

በየክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ዕጩ ብቻ የሚያሸንፍበት የብሪታንያ ሥርዓት የድምፁን ዋጋ ያዛባዋል። ሪፎርም በ2024 ከ14 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ 5 መቀመጫ ብቻ ሲያሸንፍ፣ ሌበር 34 በመቶ በማይሞላ ድምፅ ከ400 በላይ አግኝቷል። በመሆኑም ፓርቲዎች እንደ አሽፊልድ ባሉ አካባቢዎች ለጥቂት ሺህ መራጮች የሚያደርጉት ትግል ከአገር አቀፉ ድምፅ በላይ ሊያስጨንቃቸው ይችላል።

ሪፎርም በግንቦት 2025 የኖቲንግሃምሻየርን አውራጃ ምክር ቤት በማሸነፉ፣ የመንገድ ጥገናና የአረጋውያን እንክብካቤ አሁን የእርሱ ኃላፊነት ሆነዋል።