በአዲስ አበባ ስለ ነበሩና ዛሬም ስላሉ አርመኖች

በየዓመቱ መስከረም 29 ቀን በስንክሳር የሚነበበው የቅድስት አርሴማ ዜና፥ ከሮም ወደ አርማንያ ተሰዳ በንጉሡ በድርጣድስ እጅ ሰማዕትነትን የተቀበለችውን ድንግል ያዘክራል። ታኅሣሥ 15 ቀንም ያንኑ ንጉሥ አስተምሮ ከነሕዝቡ ያጠመቀው የጎርጎርዮስ ዕረፍት ይነበባል። ስለዚህ የአርማንያ ስም ለኢትዮጵያ ምእመን እንግዳ አይደለም። በአርሴማ ስም ታቦት የሚያነግሠውና ልጁን በስሟ የሚጠራው ሰው እልፍ ነው፤ የዚያች አገር ተወላጆች ሆነው በአዲስ አበባ የቀሩት ግን መቶ አይሞሉም።

ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት የኬልቄዶንን ጉባኤ ባለመቀበል አንድ ናቸው። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በኢየሩሳሌም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በተቸገሩ ጊዜ ከአርመኖች ገዳም ቀለብ ይሰጣቸው ነበር። ነገሥታቱም አርመኖችን ለመልእክት ያምኑአቸው ነበር። እቴጌ እሌኒ ወደ ፖርቱጋል የላከችው ማቴዎስ አርመናዊ ነበረ፤ በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ተመልሶ በደብረ ቢዘን ዐረፈ። ከእርሱም በኋላ ሙራድ የተባለው ነጋዴ ከጎንደር ነገሥታት ተልኮ እስከ ባታቪያ ድረስ ሄዷል።

እነዚህ ግን መጥተው የሚሄዱ ነበሩ። ቤት ሠርተው፥ ልጅ ወልደው፥ መቃብር ቈፍረው የተቀመጡት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከዚያ ወዲህ የመጡት ናቸው። በኦቶማን መንግሥት የደረሰባቸው ግፍ፥ ይልቁንም በ1907 ዓ.ም. የተጀመረው እልቂት፥ ከአገራቸው አፈናቀላቸው። በአዲስ አበባም ወርቅ ሠሪ፥ ልብስ ሰፊ፥ ጫማ ሠሪ፥ ግንበኛ ሆነው በእጃቸው ሥራ ኖሩ። ቤድሮስ ቦያጅያን በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሥራውን ወረሱ። ሰርኪስ ቴርዚያን መንገድ መዳመጫውን መኪና ቢያስመጣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው፤ ባለቤቱ ካለፈ በኋላም ስሙ በከተማው አፍ ቀረ። ዳርማር የተባለው የቆዳና የጫማ ፋብሪካም የእነርሱ ነበረ።

ከሁሉ ይልቅ የሚነገረው የአርባ ልጆች ነገር ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ በአርመኖች ገዳምም እናት አባታቸው ያለቁባቸው ልጆች ሙዚቃ ሲመቱ ሰሙ። ከፓትርያርኩም ጋር ተነጋግረው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡአቸው፤ በዚያው ዓመት በጳጉሜን ገቡ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ነበረ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል የተሰማው የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማው የእርሱ ነው። አገር የሌለው ሰው ላስጠጋው አገር የመዝሙር ዜማ መድረሱን አንባቢ ልብ ይበል። የወንድሙ ልጅ ነርሲስም ብዙ የኢትዮጵያ ሙዚቀኞችን አስተምሯል።

በ1950ዎቹ ዓመታት የማኅበሩ ቍጥር አንድ ሺህ ሁለት መቶ ያህል ደርሶ ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፥ በነጋዴው በኬቮርኮፍ ስም የተጠራው ትምህርት ቤት፥ የመሰብሰቢያ ክበብም ነበራቸው። በጥር ወር 1957 ዓ.ም. የእኅትማማቾቹ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በአዲስ አበባ ጉባኤ ባደረጉ ጊዜ የአርመን ካቶሊኮስ ቫዝጌን ቀዳማዊ መጥተው ነበር። ያ ጊዜ ለማኅበሩ የሙላት ጊዜ ነበረ።

በዐሥር ዓመቱ ደርግ ተነሣ። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ፋብሪካዎችም ተወረሱ። ብዙዎቹ ወደ ካናዳ፥ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄዱ። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በአዋጁ ላይ መጣል አይገባም፤ የብዙ ኢትዮጵያውያንም ቤት ተወርሶ ነበርና፥ እነርሱ ግን አላለቁም። ጥቂት ሕዝብ የሚያልቀው በሌላ መንገድ ነው። በአንድ ሺህ ነፍስ መካከል የሚኖር ጐልማሳ ዘመዱን እየለየ ሚስት ሲፈልግ ምርጫው ያልቅበታል፤ ወይ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፥ ወይ ከአገሬው ያገባል። የሄደው በዚያው ይቀራል፤ ከአገሬው ያገባው ሃይማኖቱ ባይለያየውም ልጆቹ በአማርኛ ያድጋሉ። መሰደድ የሚችለው ጕልበት ያለው ስለ ሆነ፥ የሚቀረው ሽማግሌው ነው። ከዚያ ወዲህ ከክርስትናው ቀብሩ ይበዛል፤ በኬቮርኮፍ ትምህርት ቤትም ከአርመን ልጆች የሌላው ልጆች በዙበት። ቤተ ክርስቲያኑ ነዋሪ ቄስ ባጣበት ዘመን ዲያቆን ጸሎቱን እየመራ በሩን ጠብቆታል። ቅዳሴ ያለ ካህን እንደማይሆን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ጾም እንደ ሆነ መንገር አያስፈልግም።

የቀሩት ሰዎች አማርኛቸው የከተማው ነው፤ እንጀራ ይበላሉ፥ ለቅሶ ይደርሳሉ፥ ሠርግም ይጠራሉ። በራስ መኰንን ድልድይ አጠገብ «አርመን ሰፈር» ሲባል የሚሰማ ወጣት ግን ስሙ ከየት እንደ መጣ ላያውቅ ይችላል።

አርመኖች ልደትንና ጥምቀትን በአንድ ቀን የሚያከብሩት በአገራችን አቈጣጠር ታኅሣሥ 28 ነው፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ የገና ዋዜማ ነው። ስለዚህ አባቱ አርመን፥ እናቱ ሐበሻ በሆኑበት ቤት ጌታ ሁለት ቀን ይወለዳል፤ ዛሬ በግራባር ቋንቋ፥ ነገ በግዕዝ።