ሽፍታው በመድረክና በሸራ ላይ

ካሣ ኃይሉ ዘውድ ከመጫኑ በፊት ሽፍታ ነበር። የኢትዮጵያ ተመልካች ይህን ረስቶት አያውቅም፤ እንዲያውም ንጉሠ ነገሥቱን የወደደው በሽፍታው ምክንያት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በቋራ በረሃ ከነጋዴ የዘረፈውን ለገበሬው ማረሻ መግዣ ማከፋፈሉን የአለቃ ዘነብ ዜና መዋዕል ይተርካል። መሳፍንቱ እርስ በርስ በሚባሉበት፣ ዳኛና ዘራፊ በማይለዩበት ዘመን፣ ፍርድን በገዛ እጁ የወሰደ ሰው በሕዝብ ዘንድ ተራ ወንበዴ አልነበረም። አማርኛም ይህንኑ ያውቃል፤ «ሸፈተ» በሚለው ቃል ውስጥ ወቀሳና ሙገሳ አንድ ላይ ይኖራሉ።

ይህ ሽፍታ የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ በሥነ ጥበብ ዳግመኛ ነገሠ። በ1940ዎቹ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ታሪካዊ ድራማ አድርገው አቀረቡት፤ በ1958 ዓ.ም. የብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ እንባ»፣ በ1961 ዓ.ም. የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ታተሙ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ኋላም በአማርኛ ለመድረክ ጻፈለት። የጎንደር ካህናት እንደ ቤተ ክርስቲያን መዝባሪ ያዩት የነበረው ሰው የአንድነት አባት ሆነ።

አድናቂው ወደ ቴዎድሮስ ተውኔት ሲሄድ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ሽጉጡን። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር የመቅደላን በር ሲሰብር፣ ንጉሡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከለት ሽጉጥ ራሱን ይሠዋል። እጅ አለመስጠት! ከዚህ የተሻለ መጨረሻ ተውኔት ጸሐፊ ቢያልም አያገኝም፤ ታሪክ ራሱ ጽፎ ጨርሶታል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ መጨረሻ ከፊቱ የነበረውን ሁሉ አጥቦ ያነጻዋል።

ከሰኞ በፊት ጸሎተ ሐሙስ ነበረ። በዚያ ቀን፣ ሚያዝያ 2፣ ከመቅደላ ሥር ባለው በእስላምጌ ሜዳ ታስረው የነበሩ ኢትዮጵያውያን ምግብና ውኃ ለምነው ጮኹ። ንጉሡ በቁጣ ወጣ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ እስረኞች ከፊሉ በሰይፍ ተቆራረጡ፣ ከፊሉ ወደ ገደሉ ተወረወሩ። በማግሥቱ፣ በዕለተ ስቅለት፣ በአሮጌ ሜዳ ሠራዊቱ በእንግሊዝ ጥይት ረገፈ። የገደሉን ቀን ከሽጉጡ ቀን የሚለየው አንድ የፋሲካ ሰሞን ብቻ ሲሆን፣ በሕዝብ ትዝታ ውስጥ ግን ሁለቱ የአንድ ሰው ሥራ አይመስሉም።

ይህን መናገር ቴዎድሮስን ማሳነስ አይደለም። በጋፋት ያሠራው ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በአምባው ላይ ተቀምጧል፤ ያን ብረት በበሽሎ ቁልቁለት ያስጎተተ ፈቃድ ምን ያህል እንደ ነበረ ያየው ይመሰክራል። ነገር ግን መንገዱን እየጠረገ የጎተተው ማን ነው? ሽፍታው ማረሻ የገዛለት ገበሬ ልጅ አይደለምን?

ሸራው ለሽፍታው ሌላ ፊት ሰጥቶታል። በጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ የዘውዱ ሥርዓት በሚናድበት ሰሞን ቀርጾ በ1968 ዓ.ም. ባቀረበው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በተሰኘው ጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ ከበበ የሚባል ሰው አለ። መሬቱን የተነጠቀ፣ አገሬው እብድ ነው የሚለው፣ ንግግሩ ግን ከጤነኞቹ ሁሉ የቀና ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ገበሬውን ሲሰድብ የሚውለውን ባለመሬት በመጨረሻ በዱላ ይገድለዋል። ከበበ ዘውድ የለው፣ ዜና መዋዕል የለው፤ ስለዚህ ተመልካቹ ግድያውን በፍቅር ሸፍኖ ለማለፍ ይቸገራል። ፍርድ ነውን? በቀል ነውን? ፊልሙ አንዱን መርጦ አያጎርሰውም።

የመቅደላው ሰው በዚህ ዓይን ቢታይ አይቀንስም። አድናቂው ሽጉጡን ይጠብቅ፤ መብቱ ነው። ሆኖም እስረኞቹ ምግብና ውኃ ብለው ሲጮኹ ድምፃቸው ከመጋረጃው ጀርባ እንኳ ሊሰማ ይገባል። ከጸሎተ ሐሙስ እስከ ፋሲካ ማግስት አምስት ቀን ነው፤ ለአንድ ምሽት ተውኔት የሚበዛ አይደለም።