የአንጎል ስም የወጣለት የልብ ቃል

አማርኛ ልብን ደም የሚገፋ ጡንቻ ብቻ አድርጎ አያውቀውም። ሰው ልብ ይላል፣ ልብ ይገዛል፤ የፈጠራ ድርሰት እንኳ «ልብ ወለድ» ነው። ሳይንስ ግን ልብ ደም ከመግፋት ሌላ ሥራ እንዳለው ያመነው ዘግይቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 አዶልፎ ደ ቦልድ በካናዳ ከአይጥ ልብ የላይኛው ክፍል የተዘጋጀ ጭማቂ በሌላ አይጥ ደም ውስጥ ቢያስገባ እንስሳው ጨውና ውኃ በብዛት ሸና። ለካስ ልብ እንደ ዕጢ ለኩላሊት መልእክት ይልካል! በ1988 ሱዶ፣ ካንጋዋና ማትሱኦን ያካተተ የጃፓን ቡድን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር በአሳማ አንጎል ውስጥ አግኝቶ በአንጎል ስም ጠራው፤ ምኅጻሩም ቢኤንፒ ሆነ። ኋላ ዋናው ምንጩ የልብ የታችኛው ክፍል መሆኑ ቢታወቅም ምኅጻሩ እንደ ተጣበቀ ቀረ። (አማርኛ ቢጠየቅ ኖሮ ይህን ባልሳተ ነበር።)

የልብ ግድግዳ ከልክ በላይ ሲለጠጥ ጡንቻው አንድ ረጅም ሰንሰለት ይሠራል፤ ሰንሰለቱም ለሁለት ይቆረጣል። አንደኛው ቢኤንፒ ሥራውን ሠርቶ ፈጥኖ ይጠፋል፤ ሁለተኛው ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ደም ውስጥ ይቆያልና ለመለካት ይመቻል። በ2002 የታተመ ጥናት ትንፋሽ አጥሯቸው ድንገተኛ ክፍል የገቡ 1586 ሕሙማንን መረመረ፤ በሚሊ ሊትር 100 ፒኮግራም ቢኤንፒ ወሰን ሲደረግ፣ የልብ ድካምን ከሌላው ሕመም በ83 ከመቶ ትክክለኛነት ለየ።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው ምድር የበርበሬና የበቆሎ አገር ነው። በርበሬዋን አዝላ ገበያ የምትወጣ እናት ዳገት ላይ ቆም ቆም ስታበዛ፣ ሌሊትም ትራስ ደራርባ መተኛት ስትጀምር፣ ጎረቤት «ምች ነው»፣ «ብርድ ነው» ይላል። ጤና ጣቢያውም አስምን፣ የሳንባ ምችን፣ የሳንባ ነቀርሳን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። እግር ሲያብጥ፣ ሆድ ውኃ ሲቋጥር ሁሉም ያውቃል፤ ያን ጊዜ ግን መሽቷል። ደሟ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር።

የእኛ ሰው ደግሞ በዚህ ሕመም የሚያዘው ገና በጉልበቱ ሳለ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 የአፍሪካ አገሮች 1006 ሕሙማንን ያጠናውና በ2012 የታተመው ምርምር አማካይ ዕድሜያቸው 52 ዓመት መሆኑን አሳይቷል፤ ልጅ የሚዳርበት ዕድሜ! ከመንስኤዎቹ ግንባር ቀደሙ የደም ግፊት ነበር፤ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር የሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳትም አለበት።

ምርመራው ልብ መጨነቁን እንጂ ያስጨነቀውን አይናገርም። የኩላሊት ሕመምና እርጅና ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ ውፍረት ዝቅ ያደርገዋል። በገጠር ጤና ጣቢያም የተለመደ አይደለም። ጥቅሙ ግን እዚያው ነው፦ ድንገት ባልጠናባት ሴት ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ከ125 በታች ከሆነ የልብ ድካም የመሆኑ ነገር እጅግ ያነሰ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የልብ አልትራሳውንድ ወዳለበት ከተማ መሄድ አለባት። የመሳፈሪያው ገንዘብ የሚወጣው ከዚያው ከበርበሬው ነው።