የአቧራው ዘመን ዘፈኖች እንደ ታሪክ ምንጭ

በ1940 ዓ.ም. በጁላይ ወር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) ቪክተር የተባለው የአሜሪካ የሸክላ ኩባንያ ዉዲ ጋትሪ የሚባል የኦክላሆማ ተወላጅ ራሱ ገጥሞ የዘፈናቸውን አሥራ አንድ ዘፈኖች በሁለት አልበም አድርጎ ለገበያ አቀረበ። የአልበሞቹም ስም «የአቧራ አገር ባላዶች» የሚል ነበር፤ ባላድ ማለት አንድን ታሪክ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚተርክ የሕዝብ ዘፈን ነው። አልበም የሚለውም ቃል በዚያን ጊዜ እንደ መጽሐፍ የተጠረዘ የሸክላ ማኅደር ማለት ነበር። አድማጩ ሸክላውን ከማኅደሩ አውጥቶ በግራሞፎኑ ላይ ያኖራል፤ ሦስት አራት ደቂቃ ያህል ከሰማ በኋላም ይገለብጠዋል።

ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው ሰው ከነዚህ ሸክላዎች ወዳጆች አንዱ ነው። ነገር ግን የሕዝብ ዘፈን ወዳጅ ሆኖ መስማትና የታሪክ ተመራማሪ ሆኖ መስማት አንድ አይደለም። ወዳጁ ዘፈኑ ልቡን ከነካው ይበቃዋል፤ ተመራማሪው ግን ይህ ቃል የማን ነው፣ የየትኛው ስፍራ ነው፣ ምንስ ተጨምሮበታል ብሎ ይጠይቃል። ዘፈን ለሚሰበስቡ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች የጋትሪን አልበም ማቅረብ የፈለግሁትም ሁለቱን ዐይነት አሰማም ስለሚችል ነው።

ለዘፈኖቹ መነሻ የሆነው በአሜሪካ ታላቅ ሜዳ ላይ የደረሰው መከራ ነው። ክፉኛ የተጎዳው ክፍል የኦክላሆማንና የካንሳስን ምዕራብ፣ የቴክሳስን ሰሜን፣ የኮሎራዶንና የኒው ሜክሲኮን ምሥራቅ የሚይዘው ነበር። በዚያ አገር አፈሩን ጠብቆ የኖረው ሥሩ የጠለቀ ሣር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስንዴ ዋጋ ስለ ናረ ገበሬው ሣሩን ገልብጦ አረሰው፤ ከጦርነቱ በኋላ ዋጋው ሲወድቅ ደግሞ ዕዳውን ለመክፈል ብዙ ማምረት ስላስፈለገው በትራክተር እየታገዘ ከፊተኛው የበለጠ አረሰ። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ዝናም በቀረ ጊዜ ሥር የሌለው አፈር በነፋስ ተነሣ። በኤፕሪል 14 ቀን 1935 ዓ.ም. የመጣው ማዕበል ቀኑን ሌሊት ስላደረገው እስከ ዛሬ «ጥቁሩ እሑድ» ይባላል። ጋትሪ በዚያን ቀን በቴክሳስ በፓምፓ ከተማ ነበር።

ሆኖም ጋትሪ ገበሬ እንዳልነበረ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በጁላይ 14 ቀን 1912 ዓ.ም. በኦክላሆማ በኦኪማ ከተማ የተወለደ ሲሆን፣ አባቱ በመሬት ንግድና በአገሩ ፖለቲካ የከበረ፣ በኋላም ሀብቱ የጠፋበት ሰው ነበር። እናቱ ሀንቲንግተን በሚባለው በዘር በሚተላለፍ የአእምሮና የነርቭ በሽታ ተይዛ ሞተች፤ ልጇም በ1967 ዓ.ም. በዚሁ በሽታ ዐረፈ። እርሱ ራሱ የሱቅ ምልክት እየቀለመና በየጭፈራው እየተጫወተ ይኖር ነበር። ወደ ካሊፎርኒያ ከተሰደደ በኋላ ከ1937 ዓ.ም. ጀምሮ በሎስ አንጀለስ ኬ.ኤፍ.ቪ.ዲ. በተባለው የራዲዮ ጣቢያ ሲዘፍን፣ እንደርሱ ከአገራቸው የተነቀሉ ሰዎች ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር። እንግዲህ አልበሙ ውስጥ «እኔ» የሚለው ገበሬ ዘፋኙ ራሱ አይደለም፤ ዘፋኙ የሰማው፣ ያየውና የተቀበለው ሕዝብ ነው። የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ አድርገው የሚሰሙት ሰዎች በዚህ ይሳሳታሉ።

ዘፈኖቹ ወደ ሸክላ የገቡበት መንገድ አጭር ነው። በ1940 ዓ.ም. በማርች ወር አለን ሎማክስ የተባለው የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢ ጋትሪን በኒው ዮርክ መድረክ ላይ አይቶ ወደ ዋሺንግተን ወሰደውና ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዘፈኑንም ጨዋታውንም ለብዙ ሰዓት ቀረጸ። ከዚያም የቪክተር ኩባንያ እንዲቀበለው አደረገ። በኤፕሪል 26 ቀን በኒው ጀርዚ በካምደን ከተማ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ዘፈኖች ባንድ ቀን ተቀረጹ፤ ሁለቱ በሜይ 3 ቀን ተጨመሩ። ያለው መሣሪያ ጊታርና ሃርሞኒካ ብቻ ነው።

ድምፁ ያማረ ነው ማለት አይቻልም። ደረቅና ብዙም ከፍ ዝቅ የማይል፣ ሰው ለጎረቤቱ እንደሚያወራ ያለ ድምፅ ነው፤ እኔ ግን ከአልበሙ መልካም ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል። ስለ ታላቁ የአቧራ ማዕበል የሚናገረው ዘፈን እንደ ዜና መዋዕል ቀኑንና ዘመኑን በመጥራት ይጀምራል፤ ማዕበሉ ያለፈባቸውንም አገሮች ይጠቅሳል። ሰዎች የዓለም ፍጻሜ ደረሰ ብለው እንደ ፈሩ ሲነግረን እንኳ ድምፁን አያነሣም። ኀዘኑን ለአድማጩ ይተውለታል።

ከኀዘኑ አጠገብ ሣቅ አለ። «ወሬ ብሉዝ» ሊባል በሚችለው ስልት፣ ማለት ዜማ ሳይኖረው በጊታር ምት ላይ በሚነገረው፣ አንድ ገበሬ እርሻውን በአሮጌ አውቶሞቢል ለውጦ ቤተ ሰቡን ይዞ ሲሰደድ ይተርካል፤ የሚበሉትም የድንች ወጥ ከመቅጠኑ የተነሣ በውስጡ ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል ይላል። ይህን ስልት ጋትሪ አልፈጠረውም፤ ክሪስ ቡቺሎን የተባለ የደቡብ ካሮላይና ሰው በ1926 ዓ.ም. በሸክላ ቀርጾት ነበር። ስለ አቧራ የሳንባ ምች በሚናገረው ዘፈን ደግሞ፣ በዚያን ጊዜ ዝነኛ የነበረው የጂሚ ሮጀርስ ስልት የሚፈልገው ጉሮሮን እየሰበሩ ማዜም መግባት ካለበት ስፍራ ላይ ሲደርስ፣ ዘፋኙ ሳንባዬ አቧራ ስለ ሞላበት አልችልም ብሎ ያልፈዋል። በሽታው በግጥሙ ብቻ ሳይሆን ዜማው በሚጎድልበት ስፍራ ጭምር ተነገረ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ተመራማሪውን የሚጠቅመው ግን አሮጌ ዜማ እንዴት በአዲስ ቃል እንደሚለወጥ ማየት ነው። በዚያ ዘመን በየአብያተ ክርስቲያናቱ የሚዘመር፣ የካርተር ቤተ ሰብም በሸክላ ያስቀረጹት፣ ይህ ዓለም አገሬ አይደለም፣ ቤቴ በሰማይ ነው የሚል መዝሙር ነበር። ጋትሪ ዜማውን እንዳለ ወስዶ ሰማዩን አወጣለት። በርሱ ግጥም ቤት የለኝም የሚለው ሰው በእውነት ቤት የሌለው፣ ባለጠጋ ቤቱን የወሰደበት፣ ፖሊስ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚያባርረው ጭሰኛ ነው። መዝሙሩን የሚያውቅ አድማጭ ሁለቱን ቃል ባንድ ጊዜ ይሰማል፤ የፊተኛው መጽናናት ከኋለኛው ቍጣ ጋር ይጋጫል። በሰምና ወርቅ ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ትንተና አያሻውም፤ ልዩነቱ እዚህ ሰሙ በግጥሙ ውስጥ ሳይሆን በአድማጩ ትዝታ ውስጥ መኖሩ ነው። መዝሙሩን የማያውቅ ሰብሳቢ ቃሉን ብቻ ጽፎ ቢሄድ ግማሹን ትቶት በሄደ ነበር።

«ዶ ሬ ሚ» የተባለውም እንዲሁ ነው። የዜማ ምልክት ስሞች በአሜሪካ የመንገድ ቋንቋ ገንዘብ ማለት ናቸው፤ ካሊፎርኒያ ገነት ናት፣ ነገር ግን «ዶ ሬ ሚ» ከሌለህ አትግባ የሚል ነው። ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር የሎስ አንጀለስ ከተማ ፖሊስ አዛዥ ጄምስ ዴቪስ 136 ፖሊሶች ወደ ካሊፎርኒያ ድንበር ልኮ ገንዘብ የሌላቸውን መንገደኞች እንዲመልሱ አድርጎ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድኻ የሆነን ሰው ወደ ካሊፎርኒያ ማስገባትን ወንጀል የሚያደርገውን ሕግ የሻረው በ1941 ዓ.ም.፣ አልበሙ ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ። አልበሙን የሰማ ሰው ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደደውን ሕዝብ ሁሉ አቧራ ያባረረው ይመስለዋል። ታሪክ ጸሐፊዎች በኋላ መዝገቡን ሲመረምሩ ያገኙት ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ስደተኛ የመጣው አቧራው ከበረታበት ሜዳ ሳይሆን ጥጥ ከሚመረትበት ከምሥራቅ ኦክላሆማ፣ ከቴክሳስ፣ ከአርካንሳስና ከሚዙሪ ነበር። እነዚህን ሰዎች የነቀላቸው ድርቁ ብቻ አይደለም፤ የጥጥ ዋጋ መውደቅ፣ የትራክተር መምጣትና መንግሥት ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ መሬቱን ላላረሰ ባለመሬት ገንዘብ መክፈሉ ነው። ባለመሬቱ ገንዘቡን ተቀብሎ ጭሰኛውን አሰናበተ። ጋትሪ የሜዳውን አቧራና የጥጡን አገር መፈናቀል አንድ ታሪክ አደረጋቸው።

ይህን እንደ ስሕተት ቈጥሮ አልበሙን ከምንጭነት ማውጣት ግን አይገባም። ሁለቱ ሕዝቦች በካሊፎርኒያ የድንኳን ሰፈር ባንድነት ሰፍረው፣ ከየትም ይምጡ «ኦኪ» በሚል ባንድ የስድብ ስም ይጠሩ ነበር። ዘፈኖቹ የመሬቱን ካርታ ቢያዛቡም ሰዎቹ ራሳቸውን እንደ አንድ ሕዝብ ማየት የጀመሩበትን አስተያየት ያስረዳሉ፤ ይህንንም የቈጠራ መዝገብ ሊነግረን አይችልም። የሚያሳዝነው ይልቁንም በዘፈኖቹ ውስጥ የሌለው ነው። በዚያው እርሻ ሲሠሩ ከነበሩት የሜክሲኮ ተወላጆች ብዙዎቹ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከአገሪቱ እንዲወጡ ተደርገዋል፤ በደቡብም ከመሬት ከተባረሩት መካከል ጥቁሮች ጭሰኞች ብዙ ነበሩ። በአልበሙ ውስጥ ግን ለእነርሱ የተለየ ዘፈን አልተሰጠም። ጋትሪ ከካሊፎርኒያ ይመለሱ ስለነበሩ የሜክሲኮ ሠራተኞች የገጠመው በ1948 ዓ.ም. በሎስ ጋቶስ አውሮፕላን ወድቆ ካለቁ በኋላ ነው።

ሸክላዎቹ ብዙ አልተሸጡም። ኩባንያው እንደ ገና ለማተም ፈቃደኛ ባለመሆኑ በ1950 ዓ.ም. ሞዝስ አሽ የተባለው የፎክዌይስ ባለቤት በረጅም ሸክላ አሳተማቸው፤ ባለመብቱ ኩባንያ ራሱ ያወጣቸው በ1964 ዓ.ም.፣ ጋትሪ በበሽታው መዘፈን ካቆመ በኋላ ነበር። በዚያን ጊዜ በ1940 ዓ.ም. የቀሩ ሁለት ዘፈኖች ተጨመሩ። የቀሩበትም ምክንያት ቀላል ሒሳብ ነው፤ ስድስት ሸክላ አሥራ ሁለት ገጽ አለው፣ «ቶም ጆድ» የተባለው ባላድ ግን ብቻውን ሁለት ገጽ ወሰደ። ይህ ዘፈን በ1939 ዓ.ም. የወጣውን የጆን ስታይንቤክን ልብ ወለድ፣ በዓመቱም ጆን ፎርድ ፊልም ያደረገውን፣ «ጆን ሃርዲ» በሚባል አሮጌ የነፍሰ ገዳይ ባላድ ዜማ በሰባት ደቂቃ ያህል ይተርከዋል። ወፍራሙን መጽሐፍ ለመግዛት ገንዘብ የሌለው ሰው ታሪኩን በዚህ ማግኘት ይችል ነበር፤ የጆድ ቤተ ሰብ መንገድ ላይ ሳሉ ግን ሸክላው ስለሚያልቅ ተነሥቶ መገልበጥ ነበረበት። ዘፈኑ በረጅም ሸክላ ከታተመ በኋላም ክፍል አንድና ክፍል ሁለት ተብሎ እንደ ተከፈለ ቀርቷል።