መዝገብ ያላየው ጠባሳ

ወንድሜም እህቴም ግንባራቸው ላይ ጠባሳ አላቸው። ሁለቱም የተጎዱት ዛሪማ ነው። ወንድሜን በ10 ዓመቱ፣ የገና ዕለት፣ የጨዋታው ዱላ ፈነከተው። ደሙ አልቆም ሲል አባቴ የጭነት መኪና ለምኖ፣ ሊማሊሞን ሽቅብ ወጥቶ ጎንደር አሳከመው። እህቴ በ9 ዓመቷ ከወንዝ ስትመለስ ከነጀሪካኗ ወድቃ ድንጋይ አገኛት። ብዙም አልደማችም፤ ግን ራሷን ስታ ነበር። እናቴ ቁስሉ ላይ የተወቀጠ ቡና ነሰነሰችና በሻሽ አሰረችላት። በቃ።

በሆስፒታል መዝገብ፣ በየአገሩ፣ ጭንቅላታቸውን የሚጎዱ ወንዶች ልጆች ከሴቶቹ ይበልጣሉ። ልዩነቱ በጨቅላነት ጠባብ ነው፤ እያደጉ ሲሄዱ ይሰፋል። ማለትም ልጁ ዛፍ መውጣት፣ ከብት ማገድ፣ ገና መጫወት ሲጀምር። ስለዚህ መዝገቡ ውሸት አይደለም። ጎደሎ ግን ነው።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ሰርቨር ጋ ያልደረሰ ጥያቄ ሎግ ላይ አይጻፍም፤ ሎጉን ብቻ ያየ ሰው ሁሉ ሰላም ይመስለዋል። የሆስፒታል መዝገብም የሚቆጥረው የደረሰውን ነው።

ለመድረስ ደግሞ መንገድም ሐኪምም ያስፈልጋል። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ጣሊያን በወረራው ዘመን ቀደደው። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ለገጠሩ የጤና ባለሙያ የሚያሠለጥን ኮሌጅ ተከፈተ። የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2006፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ እ.ኤ.አ. በ1974 ቲዝዴልና ጄኔት የተባሉ ሐኪሞች ግላስጎው ላይ ያወጡት መለኪያ ነው። ዛሬም ይሠራበታል። ዓይኑን ይገልጣል? ይናገራል? ይንቀሳቀሳል? ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል። ስለ ደም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ስለ ንቃት ነው። ወንድ ሴትም አይልም። በዚያ ዓይን ቢታይ ቀድማ መኪና ላይ መውጣት የነበረባት እህቴ ናት።

ባለፈው ፋሲካ አባቴን፣ «አባዬ፣ እሷን ለምን አልወሰድካትም?» አልኩት።

«የእሷ ቶሎ ደረቀላት» አለኝ።

እህቴ አጠገባችን ቡና ትቆላ ነበር። ቀና ሳትል፣ «ራሴን ግን እስከ ዛሬ ያመኛል» አለች።

ማናችንም ጠይቀናት አናውቅም ነበር።